የድንኳኑ ቦታ አበቦች

ሲኤምሲ ያለው አፓርታማችን ከግቢው በር ገባ እንዳሉ በስተግራ ርዝመቱ ሃያ እርምጃ፣ ወርዱ ስምንት እርምጃ የሆነ ባዶ መሬት አለው። ስሙ «የድንኳን ቦታ» ነው። ሰው ሲሞት የእድራችን ድንኳን የሚቆመው እዚያ ነው። ሰው በማይሞትበት ጊዜ ደግሞ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። መሬቱ የሚያልቀው በእኛ መስኮት ሥር ነው። መስኮቱ የልጄ የሰምሃል መኝታ ክፍል ነው፤ አልጋዋም መስኮቱን ተጠግቶ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ የለካሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት መስከረም መግቢያ ላይ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረእዝጊ፣ ቦታው ድንጋይ ይነጠፍበትና ለቅሶ በሌለ ቀን መኪና ይቁምበት ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ሃያ አራቱም አባወራ አጨበጨበ። እኔ ግን ወዲያው የታየኝ ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና ነው፤ ፍሬኑ የማይዝ፣ ወይም ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጅ የሚረግጥ ሰው የሚነዳው። ግድግዳችን ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ባለቤቴ ይሕደጎ አልጋውን ወደ ማዶ እናዙረው አለኝ። ማዶ ያለው ቁም ሳጥን ነው፤ ቁም ሳጥን ደግሞ ይወድቃል።

ስለዚህ አልጋውን ትቼ መሬቱን ያዝኩ። ያበበ ነገር ላይ መኪና ለማቆም ሰው ትንሽም ቢሆን ያፍራል ብዬ ነው። በዚያው ሳምንት ኢምፔሪያል ሄጄ፣ ቀለበት መንገዱ ዳር ችግኝ ከሚሸጠው ከሚስባህ ዘንድ፣ በዚያን ቀን አበባ ያለበትን ሁሉ በታክሲ ጭኜ መጣሁ። አርባ ቀን ያህል ግቢያችን ሰርግ ቤት መሰለ። ኅዳር ላይ ቀለሙ ሄደ። ጥር ላይ የቀረኝ የደረቀ እንጨት ብቻ ነበር። አቶ ገብረእዝጊ ጠዋት ጠዋት ለእግር ጉዞ ሲወጡ ቆም ይሉና ባርኔጣቸውን አንስተው እንጨቶቹን «እንደምን አደራችሁ» ይሏቸዋል። ለእኔ ሰላምታ የሚደርሰኝ ከእነሱ ቀጥሎ ነው።

በጥር ወር ስብሰባ ውሳኔው ጸደቀ። የግቢው የፍሳሽ ቱቦ መጀመሪያ መቀየር ስላለበት፣ ድንጋዩ የሚነጠፈው በሚቀጥለው ዓመት የካቲት እንዲሆን ተባለ። እኔ እጄን አውጥቼ ተቃወምኩ። አቶ ገብረእዝጊ በትሕትና አዳመጡኝ፤ ሰውን የሚያሸንፉት በትሕትና ነው።

«ወይዘሮ የሺአረግ፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑን የት እንትከለው? ጽጌረዳዎ ላይ? ድንኳንና አበባ አንድ መሬት ላይ ቆመው ያሳየኝ ሰው ካለ፣ እኔ ራሴ ድንጋዩን አስቀራለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ለቀልድ ነበር ያሉት። ግን የእድሩ ጸሐፊ ጎረቤቴ ፈቲያ ናት። ፈቲያ ገርጂ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ በቃለ ጉባኤ ላይ የሰውን ቀልድ ቃል በቃል መጻፍ ትወዳለች። ጻፈችው።

በማግስቱ ልጣላው ወደ ሚስባህ ሄድኩ። ሚስባህ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ጠብ ሲመጣበት ወንበር የሚያቀርብ ሰው ነው። ወንበር አቀረበልኝ። ያደረቅሽው አንቺ አይደለሽም፣ የገዛሽበት ቀን ነው አለኝ። ሰው ሁሉ ያበበ አይቶ ነው የሚገዛው፤ በአንድ ቀን ያበበ ነገር ደግሞ አብሮ ይረግፋል። ግማሹም ዓመት የማይደግም ነበር።

«በየወሩ ነይ» አለኝ። «የዚያን ወር ያበበውን ብቻ ውሰጂ። አንድ ወይም ሁለት፣ ከዚያ አታስበልጪ። ሥሩ መሬት ውስጥ የሚከርመውን እኔ እመርጥልሻለሁ። ዓመቱ ሲዞር መሬትሽ ራሱ ወር ይቆጥርልሻል።»

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት በየወሩ ደንበኛ ሊያደርገኝ እንደሆነ ነው። ግን ሌላ መላ አልነበረኝም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ማሞ አሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው ደካማ ነው ይባላል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም። ዱሮ በሰፈሩ እድር ሃያ ዓመት የድንኳን ኃላፊ ነበሩ። ነገሩን ሲሰሙ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ።

«ይሄ የእኔ ጉዳይ ነው» አሉ። «ከዚህ ግቢ ቀጥሎ ድንኳን የሚያስቆመው እኔ ነኝ። ራቁት መሬት ላይ ግን አይለቀስልኝም።»

እንዲህ አይበሉ ብላቸው ልማድ ሆነባቸው። የሰምሃልን አሮጌ ደብተር አስመጡና ወሮቹን በተርታ አጻፉኝ። በየወሩ ከሚስባህ ዘንድ ስመለስ ደብተሩ ይወጣል። የካቲት ላይ እሬት አመጣሁ፤ ብርቱካናማ አበባውን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጎ ያወጣ። ፈቲያ አየችና እኛ አገር እሬት የሚተከለው መቃብር ላይ ነው አለች። ጋሽ ማሞ፣ እንግዲያው ሥራውን ያውቃል ብለው አሳለፉት። ሚያዝያ ላይ ጀራኒየም፣ ሰኔ ላይ ቅጠለ ሰፊው ካና፣ ነሐሴ ላይ ጭቃ የማይፈራው ነጭ ካላ፣ ታኅሣሥ ላይ የገና አበባ መጣ። ባዶ ወር ሲገኝ እርሳስ ይዘው ይቀመጡና «ግንቦት ላይ ብሞት ምን አለኝ?» ይሉኛል። እስካሁን ምንም ብዬ እመልሳለሁ። «እንግዲያው ገና አልሞትም፤ ጻፊ» ይላሉ። ጳጉሜንን ራሳቸው ሰረዙት። ሰው ለዘመን መለወጫ ዶሮ እየተሻማ እኔን ማን ሊቀብር ይመጣል አሉ።

የድንኳኑን ነገር የፈቱትም እሳቸው ናቸው። የድንኳኑን እግሮች ርቀት በቃላቸው ያውቁታል። አንድ ቀን ጠዋት መሬቱን በእርምጃ እየለኩ፣ እግር በሚያርፍበት ሁሉ በከዘራቸው ወጉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ተክሉ ሁሉ በድንጋዮቹ መካከልና በዳር በዳር ሆነ፤ ቁመት የሚያወጣው ቡገንቪሊያ ወደ አጥሩ፣ አጫጭሩ ወደ ውስጥ። ሰው የሚቀመጥበት መሀሉ ሰርዶ ሆነ፤ ሰርዶ ቢረግጡት ይለምዳል። አበባ በሚያንስበት ወር እንኳ ዓይን የሚያርፍበት ነገር እንዲኖር ሚስባህ ጠጅ ሳርና የጥብስ ቅጠል ጨመረልኝ። ቅጠልም ሥራ አለው፣ ሁልጊዜ አበባ አትጠብቂ ብሎ ገሠጸኝ።

ዓመቱ ዞሮ ጥር ሲገባ መሬቱ አላሳፈረኝም። የገና አበባው ቀይ ቅጠሉን ገና አላራገፈም፣ እሬቱ ጧፉን አውጥቷል፣ ቡገንቪሊያው አጥሩን አልብሶታል። አቶ ገብረእዝጊ ግን ሲያልፉ አበባ አያዩም፤ የሚያዩት መሬቱን ነው። የካቲት ደረሰ እያሉ ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ድንኳንና አበባ አብረው ይቆማሉ ብዬ ለማሳየት ድንኳን መቆም አለበት። ድንኳን እንዲቆም ደግሞ ሰው መሞት አለበት። ይህን ካሰብኩበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሳላውቀው የሰው ሞት እየተመኘሁ ነው፣ ምኞት ደግሞ መንገድ አይስትም፣ ወደ ቤቴ ቢዞርስ አልኩ። ጋሽ ማሞ ባሳሉ ቁጥር ሾርባ ይዤ ሦስት ፎቅ እወጣለሁ። ፈቲያ ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ ሳህኑን ከፈት አድርጋ አሸተተችና «የምትወስጅላቸው ሾርባ ነው ወይስ ሳጥን መለኪያ ሜትር?» አለችኝ። ለሳምንት አላናገርኳትም።

መፍትሔውን ያመጡት አሁንም ጋሽ ማሞ ናቸው። ሬሳ ሳይኖር ድንኳኑ ይተከልና ይታይ አሉ፤ ልምምድ። እኔ ይህ ሟርት ነው ብዬ አማተብኩ። አቶ ገብረእዝጊ ግን ሟርት የሚባል ነገር አያውቁም፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ብለው ፈቀዱ። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለውን ቃላቸውን ፈቲያ አስታውሳቸው ነበር መሰለኝ።

ቅዳሜ ማለዳ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ጸበል ረጨሁ። ፈቲያም ቢስሚላህ እያለች ተከተለችኝ። ድንኳኑ ተተከለ። እግሮቹ አንድም ሳይስቱ ድንጋዮቹ ላይ ቆሙ። አግዳሚ ወንበሮቹና አንዲት ጠረጴዛ ሰርዶው ላይ ተደረደሩ። የእሬቱ ጧፎች በድንኳኑ ጠርዝ ሥር ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው የገቡ ይመስሉ ነበር።

አቶ ገብረእዝጊ ሁለት ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉ።

«ባዶ ድንኳን የትም ይቆማል» አሉ። «ለቅሶ ማለት ሰው ነው። ስልሳ ሰው ሲገባበት ይሄ ሁሉ ይረገጣል። ይህ ፈተና አይባልም።»

በዚያው ቅጽበት በስተግራ ያለው ገመድ ተበጠሰ። አቶ ገብረእዝጊ የእድር ንብረት ተበጥሶ አይመለስም ብለው አዲስ ገመድ ለመግዛት ራሳቸው ወጡ። ስልካቸውን ረስተውታል። መንገዱ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት እንዴት እንደሚዘጋ የታወቀ ነው።

እሳቸው ከወጡ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከጎረቤት ብሎክ አንዲት ሴት ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ገባች፤ አንገቷን ደፍታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሴቶች ተከተሏት። ከዚያ ሦስት ሽማግሌዎች። ድንኳን አይተዋል፤ ማን እንደሞተ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ወሬው በራሱ ጊዜ ይደርሰዋል። እየሮጥኩ ሄጄ ለመጀመሪያዋ ሴት የሞተ ሰው የለም፣ ልምምድ ነው አልኳት። እጄን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው» አለችኝ። ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው አንዱ ለሌላው ውኃ ስጧት አለ። ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አግዳሚው ሞላ። ሹክሹክታውን ሰማሁት፤ ሁሉም የሞቱት ጋሽ ማሞ ናቸው ብሎ ወስኗል። አንዷ እንዲያውም ባለፈው ሳምንት ፊታቸው ላይ አይቼው ነበር አለች። ይህን ጊዜ ጋሽ ማሞ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከደረጃው ወረዱ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። እሳቸው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አንገታቸውን ሰበር አድርገው «እግዜር ያጥናችሁ» አሉና መሀል ገብተው ተቀመጡ። በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው የሚያለቅሱ መሰለው። እኔ ግን ያን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ።

አሁን የሰው ዓይን መዞር ጀመረ። ጋሽ ማሞ ካልሆኑ ማን? ማን የለም? ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። የክራር ዜማ ነው፤ የማን ስልክ እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ባለቤቱ አልመጣም። ላነሳው እጄን ስዘረጋ ጋሽ ማሞ ክንዴን ያዙኝ።

«ተይው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ይግባ። ስልሳ አይደል ያሉሽ?»

ለምን እንደሰማኋቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ ሃምሳ አንድ ሰው ነበር። ቆጥሬያለሁ። አንድም እሬት አልተሰበረም፤ ሰው ለቅሶ ሲገባ አረማመዱ ራሱ ቀስ ያለ ነው፣ ተክል አይረግጥም። ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር፣ እኔም ጭምር።

ስልኩ ሲቆም አንዱ ቆርጦ ተነሳና ኢምፔሪያል አካባቢ ለሚኖሩት ለአቶ ገብረእዝጊ እህት ለወይዘሮ ኣብርሀት ደወለ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ብዙ ያለ አይመስለኝም፤ ለቅሶ ላይ ስም መጥራት ብቻ ይበቃል። ወይዘሮ ኣብርሀት በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ «ወይ ሓወይ፣ ወንድሜ» እያሉ ከታክሲ ወረዱ። ሊወድቁ ነው፣ ልባቸው ሊቆም ነው፣ የእውነት ለቅሶ ሊሆን ነው አልኩ። ሮጬ ያዝኳቸውና በጆሯቸው አልሞቱም አልኳቸው። አቀፉኝና የባሰ አለቀሱ።

ሴቶች ደግፈው ከጋሽ ማሞ አጠገብ አስቀመጧቸው። ትንሽ ሲበርድላቸው በእንባቸው መሀል ዙሪያቸውን አዩ፤ እሬቱን፣ ቀዩን፣ አጥሩን ያለበሰውን። ይህን ሁሉ በዚህ በጋ ማን አለመለመው ብለው ጠየቁ። አፌን ስከፍት ጋሽ ማሞ ቀደሙኝ።

«ገብረእዝጊ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን በሐዘን አስረዝመው። «ድንጋይ ይነጠፍ ሲሉት አሻፈረኝ አለ።»

ወይዘሮ ኣብርሀት ደረታቸውን መቱና ተነሱ። ድምፃቸው ያምራል፤ ለቅሶ የለመዱ ሴት ናቸው።

«ሌላው ለመኪናው ድንጋይ ሲደረድር፣
አበባ ተከለ ወንድሜ ለመንደር።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ደገሙት። በዚህ መሀል ነው እኔ ቀና ስል አቶ ገብረእዝጊን ያየኋቸው። አዲሱን ገመድ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው ከድንኳኑ ውጭ፣ ከቡገንቪሊያው ጀርባ ቆመዋል። ከእኔ በቀር ያያቸው የለም። ይገባሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልገቡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰሙ። እህታቸው ስለ ደግነታቸው፣ ስለ እጃቸው ልምላሜ፣ ለድሀ ጥላ ስለመሆናቸው ገጠሙ። አቶ ገብረእዝጊ ሦስተኛው ግጥም ላይ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ከዚያ አንዷ ዞር ስትል አየቻቸውና ጮኸች። ወንበር ተገለበጠ። ወይዘሮ ኣብርሀት በወንድማቸው አንገት ላይ ተንጠልጥለው ሳሟቸው፤ ስመው ሲጨርሱ ነጠላቸውን ጠቅልለው በሱ ደበደቧቸው። አሁን ሁሉም እኔን ያዳምጠኝ ጀመር። ልምምድ ነው አልኩ፣ ገና ሳልጨርስ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። ጋሽ ማሞ፣ «ሞተ ያልኩት ሰው የለም፣ ቢፈለግ ቃለ ጉባኤ ይታይ» አሉ።

ወይዘሮ ኣብርሀት ግን ከአንድ ነገር አልተነቀሉም። የወንድማቸውን እጅ እንደያዙ «አበባውን የተከልከው እውነት አንተ ነህ?» ብለው ጠየቁ።

ስልሳ ሰው ያህል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አቶ ገብረእዝጊ መጀመሪያ ጋሽ ማሞን አዩ፤ ጋሽ ማሞ ጣራውን ያያሉ። ቀጥለው እኔን አዩኝ። አይደለሁም ካሉ የተገጠመላቸው ሁሉ ከንቱ ሆነ። የእኔ ነው ብል ደግሞ በስልሳ ሰው ፊት አዋረድኳቸው፤ የተዋረደ ሊቀመንበር ሰኞ ጠዋት ድንጋይ ያስመጣል። ድንጋዩ ሲራገፍ፣ ከዚያ ያ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ታየኝ። ዓመት ሙሉ በየወሩ ኢምፔሪያል መመላለሴ፣ ከጥፍሬ ሥር ያልወጣው አፈር፣ እሱም አብሮ ታየኝ።

«እሳቸው ናቸው» አልኩ። «እኔ ውኃ ብቻ ነው የማጠጣው።»

አቶ ገብረእዝጊ ገመዱን ከትከሻቸው አወረዱ። ጎንበስ ብለው ከሰርዶው ላይ የወደቀ ቀይ ቅጠል አነሱና አራግፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በእኛ መስኮት ሥር ያለውን፣ እኔ በዓመቱ ያልደረስኩበትን ባዶ ጥግ ተመለከቱ።

«ገና አላለቀም» አሉ እህታቸውን። «በመስኮቱ በኩል ይቀረኛል።»

ጋሽ ማሞ እንደገና በጋቢያቸው ተሸፈኑ። ፈቲያ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። ሰውም ለቅሶው ቀርቶ ወደ ተክሉ ተነሳ፤ አንዱ ከዚህኛው ይቆረጥልኝ ሲል፣ ሌላዋ ከዚያኛው ትላለች። አቶ ገብረእዝጊ እጃቸውን ዘርግተው «ውሰዱ፣ ውሰዱ፣ ምን ችግር አለው» ይሉ ነበር። የገና አበባዬን ቅርንጫፍ በገዛ እጃቸው እየቀነጠሱ አደሉ፤ እንዴት እንደሚቆረጥ ስለማያውቁ ከአንጓው በታች ሳይሆን ከላይ ነበር የሚሰብሩት። ለእህታቸው ከእሬቱ ሥር ሁለት ግልገል ነቅለው ሰጡ። እኔ ቆሜ ፈገግ አልኩ። የተሰበረው ይድናል፤ ውኃ ካልበዛበት ይድናል። መኪና ግን አይመጣም። አይመጣም መሰለኝ።